መርፌው አንድ ደቂቃ፣ ጥንቃቄው ሳምንቱን ሙሉ

ልጄ፣ ሐኪምህ ጉበትህን ለያዘው ሄፕታይተስ ቢ በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት ሊያስጀምርህ መሆኑን ነግረኸኛል። እንደምታውቀው ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ መጀመሪያ አገር ቤት፣ ከዚያም እዚህ አሜሪካ። መርፌውን ይዘው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ከፊቴ የተቀመጡ ብዙ የአገር ልጆች አስተምሬአለሁ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ለአንተም በተራ ቁጥር አስቀምጬልሃለሁ።

እኛ ዘንድ መርፌ ከክኒን ይልቅ ይከበራል። ክኒን ብቻ ታዞለት የወጣ በሽተኛ «ሳይወጉኝ ሰደዱኝ» ብሎ ቅር ይለዋል። ይህ እምነት ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ሄፕታይተስ ቢን ራሱን ካዛመቱት ነገሮች አንዱ ያልጸዳ መርፌ ነው። አንተ በምትጀምረው መድኃኒት ላይ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ ሰው ከተወጋ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መወጋቱ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ ግን ሰባቱንም ቀን ሰውነትህ ውስጥ ሲሠራ ይሰነብታል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚታየው በእነዚያ ቀናት ነው። ምክሬ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

1. «ለምን መርፌ?» ብለህ ጠይቅ

የታዘዘልህ ፔግኢንተርፌሮን አልፋ-2ኤ ይባላል፤ የንግድ ስሙ ፔጋሲስ ነው። ኢንተርፌሮንን እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ ያገኙት አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ለጎረቤቶቹ የሚያሰማው እሪታ ነው በለው፤ እሪታውን የሰሙት በራቸውን ይዘጋሉ፣ የሰውነት ዘበኞችም ይነቃሉ። ቀደም ሲል በየቀኑ ወይም በሳምንት ሦስት ጊዜ ይወጋ ነበር። በኋላ ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ የሚያደርግ ሰንሰለት ስለተያያዘበት በሳምንት አንዴ በቃው።

ሌላው መንገድ ክኒን ነው፤ ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር። ክኒኑ በየቀኑ ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ቫይረሱን ያፍናል፤ ለአብዛኛው ሰውም ይስማማል። መርፌው በ48 ሳምንት ያበቃል፤ ነገር ግን ሰውነትን ያደክማል። የሚያስገኘውንም ከወዲሁ እወቅ። ኢ-አንቲጂን የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን በደማቸው ካለባቸው ሰዎች መካከል በመርፌው ኢ-አንቲጂኑ ጠፍቶ ፀረ-እንግዳ አካል የሚተካላቸው ሲሶ ያህሉ ናቸው። የቫይረሱ የሽፋን ፕሮቲን የሆነው ሰርፌስ አንቲጂን ጨርሶ የሚጠፋላቸው ደግሞ ከመቶ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ያኔም ቢሆን የቫይረሱ ዘር በጉበት ሕዋሳት አስኳል ውስጥ ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ቅድሚያ የሰጠው ለክኒኑ ነው። አዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሄፕታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራምም የተመሠረተው በቴኖፎቪር ክኒን ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪምህ መርፌውን ከመረጠልህ ምክንያት ይኖረዋል። ወጣትነትህ ሊሆን ይችላል፤ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ከፍ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ የቫይረሱ ዓይነትም ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚበዙት ጂኖታይፕ ኤ እና ዲ ናቸው፤ ለኢንተርፌሮን የተሻለ ምላሽ የሚሰጠው ኤ ነው። የአንተ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። መልሱን ሳትረዳ «እሺ» ብለህ አትውጣ።

2. መርፌው የማይፈቀድለት ሰው መኖሩን እወቅ

ጉበቱ ጠባሳ ይዞ የደከመበት፣ ሆዱ ውኃ የቋጠረ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ይህን መድኃኒት አይወስድም። የቀረችውን የጉበቱን አቅም ሊያሳጣው ይችላልና። የገዛ የመከላከያ ኃይሉ ጉበቱን የሚያጠቃበት ሰውም አይወስድም። ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትጀምረውም፤ የጀመረችም በሕክምናው ዘመን ሁሉ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋታል። ከባድ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ወይም ከዚህ ቀደም የበረታ የድብርት ታሪክ ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ብዙ መነጋገር አለበት።

ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት እነዚህ መደረጋቸውን አረጋግጥ፦ የደም ሕዋስ ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ የቫይረሱ መጠን፣ የጉበት ጠባሳ መለኪያ፣ የኤችአይቪ፣ የሄፕታይተስ ሲ እና የሄፕታይተስ ዲ ምርመራ፣ እንዲሁም የዓይን ምርመራ። ዓይን ከጉበት ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ስለሚጎዳ መነሻው ካልታወቀ በኋላ የመጣውን ለውጥ መለየት ያስቸግራል።

3. ታሪክህን አትሸሽግ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለዚህ ሕክምና የተነገረ ይመስላል። የምትጠጣ ከሆነ ምን ያህል እንደምትጠጣ ተናገር። ጫት የምትቅም ከሆነም ተናገር። ከአገር ቤት የተላከልህ ሥር ወይም ቅጠል ካለ ስሙን ባታውቀው እንኳ ይዘኸው ሂድ። እኛ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ብለን በሌሊት ወፍ አሳብበን ወደ ባሕል መድኃኒት የምንሮጥ ሰዎች ነን። ከእነዚያ ሥራ ሥሮች መካከል ጉበትን የሚመርዙ አሉ። በጠበል የምታምን ከሆነ ጠበልህን ተጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን በራስህ ፈቃድ አታቋርጥ።

የምትወስደውን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ጽፈህ ያዝ። ለአስም የሚሰጠው ቲዮፊሊን ከኢንተርፌሮን ጋር ሲሆን በደም ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ሜታዶንም እንዲሁ። ቴልቢቩዲን ከተባለው የሄፕታይተስ ክኒን ጋር መደረብ ደግሞ ነርቭን ስለሚጎዳ ክልክል ነው።

እንግሊዝኛህ ለገበያና ለሥራ ይበቃህ ይሆናል፤ ለሕመምህ ግን ላይበቃ ይችላል። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚደርሳቸው የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ጠይቅ። የአጎትህን ልጅ አስተርጓሚ አድርገህ አትሂድ፤ በእሱ ፊት የማትናገረው ነገር ይኖርሃልና።

4. መድኃኒቱን ስትረከብ ሦስት ነገር ተመልከት

አንደኛ፣ ቅዝቃዜውን። ፔጋሲስ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ነው። በረዶ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ከቀዘቀዘው ግድግዳ ጋርም አይጠጋም። በረዶ የሆነ መድኃኒት ቢቀልጥም አይወጋም። በኃይል አይነቀነቅም፤ ከብርሃን እንዲጠበቅም በካርቶኑ ይቀመጣል። ከፍሪጅ ውጭ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ አትጠቀምበት፤ ለፋርማሲው ደውል። በፖስታ የሚመጣልህ ከሆነ ደጅ ላይ ፀሐይ እንዳይመታው ቤት በምትሆንበት ቀን እንዲደርስህ አድርግ።

ሁለተኛ፣ ቀኑንና መልኩን። ጊዜው ያለፈበት፣ የደፈረሰ ወይም ቅንጣት የሚንሳፈፍበት ከሆነ መልሰው። ጤነኛው ጥርት ያለ፣ ቀለም አልባ ወይም ጥቂት ወደ ቢጫ ያደላ ነው።

ሦስተኛ፣ መጠኑን። ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የአዋቂ መጠን 180 ማይክሮግራም ነው። ያ መጠን ተሞልቶ በሚመጣው ሲሪንጅ ውስጥ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በብልቃጥ በሚመጣው ግን 1 ሚሊ ሊትር ነው። የመድኃኒቱ መጠን አንድ ሆኖ ፈሳሹ እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ «እኔ የምወጋው ግማሽ ነው» ብለህ በልማድ አትሂድ። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ከተቀየረብህ ፋርማሲስቱ ዓይንህ እያየ መስመሩን በጣቱ ያሳይህ።

5. ቀን ቁረጥ፣ ቀኑንም አክብር

ከሳምንቱ አንድ ቀን ምረጥና በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ተወጋ። ብዙ ሰው የሚመርጠው በማግስቱ ሥራ የሌለበትን ምሽት ነው፤ ትኩሳቱና ድካሙ በእንቅልፍ ላይ እንዲያልፍ። የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ወይም ታክሲ የምትነዳ ከሆነ ይህ ለአንተ ከሌላው የበለጠ ያስፈልግሃል። ካዞረህ ወይም ካደነዘዘህ መሪ አትያዝ።

ከረሳህ አትደንግጥ። ከቀኑ በ2 ቀን ውስጥ ካስታወስክ ወዲያው ተወጋ፤ የሚቀጥለውንም በወትሮው ቀን ውሰድ። ከዚያ ካለፈ ደውለህ ጠይቅ። በምንም ምክንያት ሁለት መርፌ ደርበህ አትወጋ። ያመለጠ መርፌ በእጥፍ አይካካስም።

6. አወጋጉን በሐኪም ቤት ተማር፣ ከዚያ ቤትህ ድገመው

የመጀመሪያውን ራሴ በቤቴ ልሞክር አትበል። ነርሷ ታሳይህ፣ አንተም በፊቷ አድርገው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መርፌውን ከፍሪጅ አውጥተህ በመዳፎችህ መካከል ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀስ አድርገህ አሙቀው፤ ውኃ ላይ አትጣደው፣ ማይክሮዌቭም አታስገባው። እጅህን በሳሙና ታጠብ። ቦታህ ሆድህ ወይም ጭንህ ነው፤ ከሆድ ሲሆን ከእምብርት ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ራቅ። የጠቆረ፣ የቆሰለ፣ የቀላ ወይም ጠባሳ ያለበትን ቆዳ ተወው። ያለፈው ሳምንት የወጋህበትንም አሳርፈው፤ በግራ ከነበረ ዛሬ በቀኝ ይሁን።

ቆዳውን በአልኮል ጥረግና እስኪደርቅ ታገሥ። አልኮሉ ሳይደርቅ የሚወጋ ሰው «ይህ መርፌ ያቃጥላል» እያለ ያማርራል። ቆዳውን በሁለት ጣት ሰብስበህ ያዝ፣ መርፌውን በተማርከው አቅጣጫ አስገባ፣ ፈሳሹን በቀስታ ግፋ፣ አውጣ። ጥቂት በጥጥ ያዘው፤ አትሸው። ሥፍራው ቢቀላና ቢያሳክክ የተለመደ ነው። እየሰፋ ከሄደ፣ ከጋለ ወይም መግል ከያዘ ግን አሳይ።

ቅር የሚያሰኝህ ነገር ቢሆንም ልንገርህ፦ ጎረቤትህ መርፌ መውጋት ስለሚያውቅ ብቻ እጅህን አትስጠው። ይህ በክንድ ወይም በመቀመጫ ጡንቻ የሚሰጥ መርፌ አይደለም፤ ከቆዳ ሥር ነው የሚገባው።

7. ያገለገለውን መርፌ እንደ ቆሻሻ አትጣል

የሄፕታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ ሳይቀር፣ ቢያንስ 7 ቀን ሊኖር ይችላል። አንተ የምትወጋበት መርፌ የአንተን ደም የነካ ነው። ክዳኑን መልሰህ አትግጠም፤ ጣት የሚወጋው በዚያን ጊዜ ነው። እንዳወጣኸው በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣለው። ከፋርማሲ ካልተሰጠህ የምትኖርበት አካባቢ ሕግ ከፈቀደ የልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ የነበረበት ወፍራም፣ የሚከደን ፕላስቲክ ይሆናል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ዝጋውና የት እንደሚረከቡህ ጠይቅ። ልጅ ከሚደርስበት አርቀው።

ደም መሬት ወይም ጠረጴዛ ላይ ከፈሰሰ ጓንት አድርገህ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠህ አጽዳው። አንዱ ሲሪንጅ ለሁለት ጊዜ አይሆንም፤ ለሁለት ሰውም አይሆንም።

8. ትኩሳቱን እወቀው፣ ግን አትናቀው

ከመጀመሪያዎቹ መርፌዎች በኋላ ብርድ ብርድ ሊልህ፣ ሊያተኩስህ፣ ራስህንና መገጣጠሚያህን ሊቆረጥምህ ይችላል። ጉንፋን የያዘህ ይመስልሃል። ይህ የነቃው የመከላከያ ኃይልህ ሥራ ነው፤ ለብዙ ሰው ከሳምንት ሳምንት እየቀለለ ይሄዳል። ውኃ በደንብ ጠጣ፣ ዕረፍት ውሰድ። ፀጉርህ ሊሳሳ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ሲያበቃ ይመለሳል። ምግብ ካስጠላህ ጥቂት ጥቂት እያልክ ቶሎ ቶሎ ብላ።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ትውጥ ይሆናል። በቀን ስንት እንደሚፈቀድልህ ሐኪምህ በቁጥር ይንገርህ። እዚህ አሜሪካ ይኸው መድኃኒት አሲታሚኖፌን ወይም ታይለኖል ይባላል፤ በብዙ የጉንፋን ሽሮፕና የእንቅልፍ ክኒን ውስጥም አለ። ሳታውቅ ከሦስት ቦታ ብትውጠው የምትጎዳው ያንኑ ልታድነው የምትደክምለትን ጉበት ነው።

የጾም ወቅት ከሆነ ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከር፤ ሙስሊም ከሆንክም ሼኩን ጠይቅ። ታሞ ለሚታከም ሰው ሁለቱም ሃይማኖቶች መንገድ አላቸው። ሰውነትህ ውኃ እያጣ ትኩሳት መቋቋም የለበትም።

9. የአእምሮህን ጤና የሚጠብቅ ሰው ምረጥ

ይህን ምክር ከሁሉም አስበልጠህ ያዝልኝ። ኢንተርፌሮን ስሜትን ይለውጣል። አንዳንዱን ቁጡ ያደርገዋል፣ አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሣዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ድብርት ውስጥ ይከትተዋል። ከዚህ ቀደም ድብርት የማያውቀው ሰው እንኳ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ሊመጣበት ይችላል። ይህ የእምነት ማነስ ወይም የወንድነት ጉድለት አይደለም፤ የመድኃኒቱ የታወቀ ጉዳት ነው፤ በማስጠንቀቂያው ላይም በጉልህ ተጽፏል።

ችግሩ ሰውየው የገዛ ለውጡን አለማየቱ ነው። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት አንድ የምታምነው ሰው ምረጥ፤ ሚስትህ፣ እህትህ ወይም አብሮህ የሚኖር ጓደኛህ ይሁን። እንዲህ በለው፦ «ከተለወጥኩ ንገረኝ፤ ካልሰማሁህ ለክሊኒኬ ደውል።» ቁጥሩንም ስጠው። ኀዘኑ ከጸናብህ የሚቀጥለውን መርፌ ከመውጋትህ በፊት ለሐኪምህ ደውል። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ እስከ ንጋት እንኳ አትጠብቅ፤ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀው የ988 የስልክ መስመር ቀንም ሌሊትም ይሠራል። «ጭንቀት ነው፣ ያልፋል» ከሚሉህ ሰዎች ምክር አትቀበል።

10. የደም ምርመራ ቀጠሮውን ከመርፌው እኩል አክብር

መርፌውን ሳያስታጉል ወግቶ ላቦራቶሪውን የሚያስታጉል ሰው ብዙ አይቻለሁ። ደህና ስለተሰማው ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ሲቀንስ ግን አያምም፤ ፕላትሌት ሲወርድም አይታወቅም። ስለዚህ ቆጠራው በ2ኛውና በ4ኛው ሳምንት ይደረጋል፣ የጉበቱ ኢንዛይም በ4ኛው ይታያል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይደጋገማል። ታይሮይድ በየ12 ሳምንቱ ይመረመራል፤ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ሊያሠራው ወይም ሊያሰንፈው ይችላልና።

የደም ሕዋስ ቁጥርህ ከወረደ ሐኪሙ የመርፌውን መጠን ከ180 ወደ 135 ወይም ወደ 90 ማይክሮግራም ሊቀንስልህ፣ ወይም ለጊዜው ሊያቆምህ ይችላል። ይህ የእሱ ውሳኔ ነው። በራስህ ግማሽ መርፌ አትውሰድ፤ «ዛሬ ደክሞኛል» ብለህም አትዝለል።

ኤኤልቲ በሕክምናው መሐል በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። አንዳንዴ የመከላከያ ኃይልህ ቫይረሱ ያለበትን ሕዋስ ሲያጠቃ የሚመጣ መልካም ምልክት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ጉበቱ መጎዳቱን የሚያሳይ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪሙ ነው። ደብተር ይኑርህ፦ የተወጋህበት ቀን፣ ቦታው፣ የተሰማህ ስሜት፣ የደም ውጤትህ። ሐኪም ቢቀየርብህ እንኳ ደብተሩ ታሪክህን ይናገርልሃል።

11. ሳትውል ሳታድር የምትደውልባቸውን ምልክቶች ለይ

እነዚህን ጽፈህ ፍሪጁ ላይ ለጥፍ፦
ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ ሲጠቁር፣ ሆድ ሲያብጥ፤
ከፍ ያለ ትኩሳት ከመርፌው ማግስት አልፎ ሲቀጥል ወይም ብርድ ሲያንቀጠቅጥ፤
እይታ ሲደበዝዝ ወይም ሲቀንስ፤
ደረት ሲወጋ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፤
ሆድ በኃይል ሲቆርጥ፣ ተቅማጥ ደም ሲቀላቅል፤
ያለ ምክንያት ቆዳ ሲበልዝ ወይም ድድ ሲደማ፤
ፊት ወይም ጉሮሮ ሲያብጥ፣ ሰውነት በሽፍታ ሲሞላ፤
ሐሳብ ሲዘባረቅ ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ሲጫን።

ደረት የሚወጋህ፣ ትንፋሽ ያጠረህ፣ ጉሮሮህ ያበጠ ወይም ራስህን የሳትክ ከሆነ ግን ስልኩ ለክሊኒኩ አይሁን፤ 911 ይደወል።

12. ማዕዱን አትሽሽ፣ ምላጩን ግን ለይ

ሄፕታይተስ ቢ በአብሮ መብላት አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ በጉርሻም አይተላለፍም። እናትህ ስታጎርስህ አፍህን አትመልስ፤ አንተም አጉርሳት። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ እና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫ የየራስህ ይሁን። ደም አትለግስ።

ማንም ቢሆን «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ቢያሳፍርህ ይህን ንገረው፤ በሕፃንነታቸው ከተያዙት ከ10 ሰዎች በ9ኙ ላይ በሽታው ይከርማል፤ በአዋቂነት ከተያዙት ግን ሥር የሚሰደው ከመቶ ከአምስት ባነሱት ላይ ነው። አንተም በሕፃንነትህ ይዞህ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ አንተ ከዚያ በፊት ተወልደሃል።

ሚስትህን፣ እናትህንና ወንድም እህቶችህን አስመርምር። ነፃ የሆኑት ይከተቡ፤ የተለመደው ክትባት ሦስት ጊዜ ነው፣ የመጀመሪያው፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ቫይረሱ ያለባት እናት ስትወልድ ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባቱንና ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለውን መርፌ እንዲያገኝ አስቀድሞ ለአዋላጆቹ ይነገር።

መጠጡን ተወው። ጠላውም፣ ጠጁም፣ ውስኪውም ለጉበት አንድ ናቸው። የሻገተ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ አትብላ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ከሄፕታይተስ ቢ ጋር ተደርቦ የጉበት ካንሰርን ያፋጥናል። ከአገር ቤት የሚላክልህን በርበሬ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ፤ ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተህ ድካሙ ቢያሳዝንህም ጣለው።

13. አገር ቤት ስትሄድ መርፌህን አንጠልጥለህ ግባ

በ48ቱ ሳምንት ውስጥ ሰርግ ወይም ለቅሶ ሊጠራህ ይችላል። የሚቻል ከሆነ ጉዞውን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሳልፈው። መድኃኒቱን በሻንጣ አትስጥ፤ ሊጠፋ ወይም የዕቃ ክፍል ውስጥ በረዶ ሊሆን ይችላል። በአይስ ቦክስ አድርገህ፣ በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው በፎጣ ለይተህ፣ ከሐኪም ደብዳቤና ከፋርማሲው መለያ ጋር በእጅህ ያዘው። የምታርፍበት ቤት መብራት የሚጠፋበት ከሆነ አስቀድመህ አስብበት። የደም ምርመራህም የት እንደሚደረግ ሳትወስን አትሳፈር።

14. ሲያልቅም ተከታተል

48ኛው መርፌ ሲያልቅ ደስ ይበልህ፤ ክትትሉ ግን አያልቅም። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ጉበት በድንገት ሊቆጣ ስለሚችል በሚቀጥሉት ወራት ኤኤልቲና የቫይረሱ መጠን ይታያል። መርፌው ሠርቶ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ሕክምናው ካበቃ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ካልሠራ መንገድ አልተዘጋም፤ ክኒኑ አለ። ክኒን ከጀመርክ ደግሞ በራስህ አታቋርጥ፤ ሲቆም ቫይረሱ በኃይል ሊመለስ ይችላል።

የካንሰር ሥጋትህ ከፍ ያለ መሆኑን ሐኪሙ ከነገረህ በየስድስት ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ ይደረግልሃል። ስድስት ወር ሲቆጠር ረጅም ይመስላል፤ ሳይታሰብ ያልፋል። ስለዚህ ከክሊኒኩ በወጣህ ቁጥር የሚቀጥለውን ቀጠሮ ስልክህ ላይ ሳትመዘግብ በሩን አትለፍ። የመጀመሪያውን መርፌ የምትወስድበትን ቀን አሁኑኑ ላክልኝ፤ በማግስቱ እደውልልሃለሁ።